«ሃሎ፣ ይሰማል?»፦ ሰርቨር የሞተን ግንኙነት እንዴት ያውቃል?

ከጓደኛችሁ ጋር በስልክ እያወራችሁ ነው እንበል። ወሬው ጥሟችሁ የትናንቱን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ትተርካላችሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ካወራችሁ በኋላ ከወዲያኛው ጫፍ ሳቅም ሆነ «እሺ» የሚል ድምፅ እንደሌለ ልብ ትላላችሁ። «ሃሎ? ሃሎ? ይሰማል?» ዝም። ኔትወርኩ የተቋረጠው ቀደም ብሎ ነው፤ እናንተ ግን ለባዶ አየር ስታወሩ ነበር።

ጓደኛችሁ ስልኩን በወጉ ቢዘጋው ኖሮ ወዲያው ታውቁ ነበር። ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለም፤ ያለው ዝምታ ብቻ ነው። ዝምታ ደግሞ ሁለት ትርጉም አለው፦ ወይ ጓደኛችሁ በጽሞና እያዳመጠ ነው፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ኮምፒውተሮችም ልክ ይኼው ችግር አለባቸው። የምትጠቀሙበት ቻት፣ ጌም፣ የባንክ መተግበሪያ ሁሉ ከጀርባው አንድ ሰርቨር አለ። ያ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ከብዙ ሺህ መሣሪያዎች ጋር «መስመር ላይ» ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ዝም ብሎ እያዳመጠ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ባትሪው ካለቀ ሰዓታት እንዳለፉት በምን ያውቃል? እኔ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት በተደወለልኝ ስልክ ነው።

ሰኞ ጠዋት የመጣው ስልክ

ለምርምር ሥራዬ የክትባት ፍሪጆችን ሙቀት የሚለኩ 32 ትንንሽ መሣሪያዎች ሠርቼ በተለያዩ ጤና ጣቢያዎች ተክዬ ነበር። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ከዚያ ከወጡ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ደግሞ ብልቃጡን በዓይን አይቶ መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። እያንዳንዱ መሣሪያ ሲም ካርድ አለው፤ በየ10 ደቂቃው የፍሪጁን ሙቀት ቤተ ሙከራችን ውስጥ ወዳለው ሰርቨር ይልካል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሬ ላይ 32 ነጥቦች አያለሁ፦ መሣሪያው ከሰርቨሩ ጋር ከተገናኘ አረንጓዴ፣ ካልተገናኘ ቀይ።

ሰኞ ጠዋት ከአንዱ ጤና ጣቢያ ተደወለ።

«ልጄ፣ ያንተ ኮምፒውተር ስለኛ ፍሪጅ ምን ይላል?»

«ደህና ነው የሚለው፣ ሲስተር። አረንጓዴ ነው። 4.6 ዲግሪ።»

«እንግዲያው ይዋሻል። ብሬከሩ ወርዶ ፍሪጁ ከቅዳሜ ጀምሮ ጠፍቷል። እኔም ዛሬ ስገባ ነው ያየሁት።»

ደግነቱ አብዛኛው ክትባት ዓርብ ዕለት ለዘመቻ ወጥቶ ነበር። የቀሩት ጥቂት ብልቃጦች ግን ተለይተው እንዲወገዱ ተደረገ። እኔ መሣሪያውን የሠራሁት እኮ በትክክል ለዚህች ሰዓት ነበር! መብራት ሲጠፋ መሣሪያዬም ከፍሪጁ ጋር አብሮ ጠፍቷል፤ ሁለቱም የተሰኩት አንድ ቦታ ነው። ታዲያ መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ነጥቡ ሁለት ቀን ሙሉ እንዴት አረንጓዴ ሆኖ ቆየ?

ግንኙነት ማለት ገመድ አይደለም

መልሱን ለማግኘት «ግንኙነት» የምንለው ነገር ምን እንደሆነ እንይ። ሁለት ፕሮግራሞች በኢንተርኔት ሲነጋገሩ እያንዳንዳቸው በየኮምፒውተራቸው አንድ ሶኬት ይከፍታሉ። ሶኬት ስል ግድግዳ ላይ ያለው የመብራት ሶኬት እንዳይመስላችሁ። ይኼኛው ፕሮግራሙ መልእክት የሚልክበትና የሚቀበልበት በር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩበት ደንብ ደግሞ ቲሲፒ ይባላል። መሠረቱን ቪንት ሰርፍ እና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ጣሉት፤ መደበኛ ሰነዱ በ1981 ወጣ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ጀምሮ ደግሞ የኢንተርኔት አያት የሆነው አርፓኔት ወደዚህ ደንብ ተሻገረ።

በቲሲፒ ግንኙነት የሚጀመረው በሦስት መልእክት ነው፤ እንደ ሰላምታ አስቡት። መሣሪያው «ላናግርህ እፈልጋለሁ» ይላል፤ ይህ «ሲን» ይባላል። ሰርቨሩ «ሰምቼሃለሁ፣ እኔም ላናግርህ እፈልጋለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ይህ «ሲን-አክ» ነው። መሣሪያው «ሰምቻለሁ» ይላል፤ ይህ «አክ» ነው። በቃ፣ ግንኙነቱ ተመሠረተ።

አሁን ዋናው ነጥብ መጣ። ከዚህ ሰላምታ በኋላ በሁለቱ መሃል የተዘረጋ ምንም ነገር የለም። ያለው እዚህ ማስታወሻ፣ እዚያ ማስታወሻ ነው። ሰርቨሩ በመዝገቡ ላይ «ከዚያ አድራሻ ጋር ተገናኝቻለሁ፣ እስከዚህ ቁጥር ድረስ ተቀብያለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ መሣሪያውም እንደዚያው። መሃል ያሉት ዋና ዋና የኢንተርኔት ራውተሮች ፓኬት ያሳልፋሉ እንጂ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ አይመዘግቡም።

ይህ ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። መሃሉ ምንም የማያስታውስ ከሆነ፣ መሃል ያለ ራውተር ቢበላሽ ፓኬቶቹ በሌላ መንገድ ዞረው ይሄዳሉ፤ ግንኙነቱም አይቋረጥም። የኮምፒውተራችሁን የኔትወርክ ገመድ ነቅላችሁ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ብትመልሱት፣ ብዙ ጊዜ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ቲሲፒ ዝምታን እንደ ሞት አይቆጥርም። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ለቀናት «ተገናኝተው» ሊቆዩ ይችላሉ። የኔ ሰርቨር ስህተት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፦ በራሱ መዝገብ ላይ የተጻፈውን አይቶ ስለ ሌላው ሕይወት መሰከረ።

በወጉ መሰነባበትና ድንገት መጥፋት

በወጉ የሚዘጋ ግንኙነት ስንብት አለው። አንዱ ወገን «ጨርሻለሁ» የሚል መልእክት ይልካል፤ ይህ «ፊን» ይባላል። ሌላው «ሰምቻለሁ» ይላል፤ እሱም ሲጨርስ የራሱን ፊን ይልካል። ፕሮግራሙ ብቻ ቢበላሽና ኮምፒውተሩ ደህና ቢሆን እንኳ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በፕሮግራሙ ፈንታ ስንብቱን ያደርስለታል።

መብራት ሲጠፋ ግን «ደህና ሁኑ» የሚል ማንም የለም። ባትሪ ሲያልቅ፣ ስልክ ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ሲገባ፣ መሃል ያለ መስመር ሲበጠስ እንዲሁ ነው። በአንዱ ጫፍ ግንኙነቱ ጠፍቷል፣ በሌላው ጫፍ ግን መዝገቡ ላይ አለ። ይህ «ግማሽ ክፍት» ግንኙነት ይባላል።

ሰርቨሩ እውነቱን የሚያውቅበት አንድ ጥሩ አጋጣሚ አለ፤ እሱም ራሱ የሆነ ነገር ለመላክ ሲሞክር ነው። ያኔ ወይ መሣሪያው እንደገና ተነስቶ ከሆነ «እኔ አንተን አላውቅህም» የሚል «ሪሴት» ይመልስለታል፣ ወይ ደግሞ ምንም መልስ አያገኝም። መልስ ሲያጣ ይደጋግማል፤ መጀመሪያ ሰከንድ ሳይሞላ፣ ከዚያ የመጠበቂያውን ጊዜ እጥፍ እጥፍ እያደረገ በመጨረሻ በየ2 ደቂቃው። ሊኑክስ ላይ ማንም ካልቀየረው 15 ጊዜ ያህል ሞክሮ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ተስፋ ይቆርጣል።

የኔ ሰርቨር ግን ምንም አይልክም ነበር! ሥራው መስማት ብቻ ነው። የሚልከው ስለሌለው የሚያጣው መልስ የለም፤ የሚያጣው መልስ ስለሌለ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለም። ዝም ብሎ የሚሰማ ሰርቨር የሞተን ሰው ዕድሜ ልኩን ሊጠብቅ ይችላል።

ዝምታ ምን ያስከፍላል?

የሞተ ግንኙነት የመጀመሪያ ጉዳቱ ያያችሁት ነው፤ ያሳስታል። ሁለተኛው ደግሞ ቦታ መያዙ ነው። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ክፍት ሶኬት ለፕሮግራሙ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ማንም ካልቀየረው አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ብዙውን ጊዜ 1,024 ቁጥር ነው። ሦስቱ ገና ከመነሻው ለተለመደ ግብዓትና ውጤት ተይዘዋል፤ ስለዚህ 1,021 ይቀራሉ።

አሁን የኔን ሒሳብ እንሥራ። 32 መሣሪያዎች አሉኝ። በመብራትና በኔትወርክ ምክንያት እያንዳንዱ በቀን በአማካይ 5 ጊዜ ያህል ተቋርጦ እንደገና ይገናኛል። ተመልሶ ሲመጣ አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፤ አሮጌው ግን ሰርቨሩ መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። 32 ሲባዛ በ5 በቀን 160 ሙት ግንኙነት ነው። 1,021 ሲካፈል ለ160 ስድስት ቀን ከምናምን ይመጣል።

እውነቱን ልናገር? ይህ ሒሳብ ከስልኩ በፊትም ፊቴ ላይ ነበር። ሰርቨሩ በየስድስት ቀኑ ገደማ «የተከፈቱ ፋይሎች በዝተዋል» የሚል ስህተት አውጥቶ አዲስ ግንኙነት መቀበል ያቆም ነበር። እኔስ ምን አደረግሁ? ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በየአራት ቀኑ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ራሱን አጥፍቶ እንዲያስነሳ አደረግሁትና ተገላገልኩ። ሰርቨሩ ሲነሳ መዝገቡ ባዶ ይሆናል፤ ሙቶቹም አብረው ይጠረጋሉ። ችግሩን አልፈታሁትም፣ ደበቅሁት እንጂ። በየስድስት ቀኑ የሚመጣ ብልሽት ግን ዝም ብሎ አይመጣም፤ የሆነ ነገር ቀስ እያለ እየሞላ ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ በሌሎች ቦታዎች ደግሞ ይጠብባል። ለምሳሌ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ታዋቂ ዳታቤዝ ማንም ካልቀየረው በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። መቶው በሙት ከተያዘ ሕያው ደንበኛ በር ላይ ይቀራል። ይህን ደካማ ጎን ሆን ብለው የሚጠቀሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮበርት ሃንሰን የተባለ የደኅንነት ባለሙያ «ስሎሎሪስ» የተባለ ዘዴ ይፋ አደረገ። አንድ ተራ ኮምፒውተር ብዙ ግንኙነት ይከፍትና ጥያቄውን በጣም ቀስ እያለ፣ ቁራጭ ቁራጭ እያደረገ ይልካል፤ አይጨርስም። ሰርቨሩ ጨዋ ሆኖ ሲጠብቅ ቦታው ሁሉ ይያዝበታል። ስለዚህ «እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?» የሚለውን ጥያቄ ያልመለሰ ሰርቨር ገና አልተጠናቀቀም።

የመጀመሪያው መድኃኒት፦ ኪፕአላይቭ

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ አንድ መፍትሔ አለው፤ ኪፕአላይቭ ይባላል። ግንኙነቱ ረጅም ጊዜ ዝም ካለ ሲስተሙ «አለህ?» የምትል ባዶ ፓኬት ይልካል። ሌላው ወገን ካለ «አለሁ» ይላል። ካልመለሰ ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ግንኙነቱን ይዘጋዋል።

እሺ፣ ታዲያ ለምን አላዳነኝም? አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ካልጠየቀ በስተቀር ኪፕአላይቭ ጠፍቶ ነው የሚቆየው። ሁለተኛ፣ ብትጠይቁትም ሊኑክስ መጀመሪያ 7,200 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ዝምታ ይጠብቃል። ከዚያ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይጠይቃል። 7,200 ሲደመር 675፤ በጠቅላላው 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ሊሞቅ ይችላል።

ቁጥሩ ለምን እንዲህ በዛ? እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ የኢንተርኔት መመሪያ ኪፕአላይቭ ካልተጠየቀ ጠፍቶ እንዲቆይ፣ መነሻ የመጠበቂያ ጊዜውም ከሁለት ሰዓት እንዳያንስ ደነገገ። ምክንያቶቹ አሁንም ትርጉም አላቸው። አንዳንድ መስመሮች ለእያንዳንዱ ፓኬት ያስከፍላሉ። ከዚህ ሌላ፣ ልክ በምትጠይቁበት ቅጽበት መስመሩ ለአፍታ ታውኮ ከሆነ ደህናውን ግንኙነት በገዛ እጃችሁ ትገድላላችሁ።

ጥሩነቱ ቁጥሮቹን ለእያንዳንዱ ሶኬት መቀየር ይቻላል። ለምሳሌ 60 ሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያ በየ10 ሰከንዱ 3 ጥያቄ ብንል በ90 ሰከንድ ውስጥ እናውቃለን።

ቁጥሩን ማሳነስ የሚጠቅምበት ሌላም ምክንያት አለ። ዋና ዋናዎቹ ራውተሮች አያስታውሱም ብያችሁ ነበር። ቤታችሁ ያለው የዋይፋይ ራውተርና የሞባይል ኔትወርክ መውጫ ግን ያስታውሳሉ። ብዙ ሰው አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚጋራ፣ የትኛው ፓኬት የማን እንደሆነ ለመለየት ሰንጠረዥ ይይዛሉ። ሰንጠረዡ እንዳይሞላ ደግሞ ዝም ያለውን ይሰርዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ምክር ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በፊት እንዳይሰርዙ ይላል፤ ከሁለት ሰዓቱ ኪፕአላይቭ ትንሽ እንዲበልጥ ታስቦ ነው። በተግባር ግን በጥቂት ደቂቃ የሚረሱ ብዙ ናቸው። ያኔ ሁለቱም ወገን በሕይወት አለ፣ መሃል ያለው አስተላላፊ ግን ረስቷቸዋል። አልፎ አልፎ የምትላክ ትንሽ «አለሁ» ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ስማችሁን ታድሳለች።

ዘበኛውና ባለቤቱ

ኪፕአላይቭ የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። «አለህ?» ሲባል የሚመልሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። የግቢው ዘበኛ ደጅ ላይ ቆሞ «አቤት!» አለ ማለት ባለቤቱ ቤት ውስጥ ነቅቷል ማለት አይደለም። መሣሪያዬ ላይ ሙቀት የሚለካው ፕሮግራም አንድ ቦታ ተቀርቅሮ ቢቀር፣ ሲስተሙ ግን «አለሁ፣ አለሁ» እያለ ለወራት ሊመልስ ይችላል።

ስለዚህ ሁለተኛው መድኃኒት ፕሮግራሙ ራሱ የሚልከው «የልብ ምት» ነው። መሣሪያው በየተወሰነ ጊዜው «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይልካል፤ ሰርቨሩም ይመልሳል። ሁለቱም ወገን መጨረሻ ከሌላው የሰማበትን ሰዓት ይመዘግባል። ከገደቡ ካለፈ «ሄዷል» ብሎ ሶኬቱን ይዘጋል። ብዙ ቻቶችና ጌሞች የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መደበኛ የሆነው ዌብሶኬት ለዚሁ «ፒንግ» እና «ፖንግ» የሚባሉ መልእክቶች አሉት። አንዱ ፒንግ ሲል ሌላው ፖንግ ይላል።

ሰርቨሩ መመለሱ ለመሣሪያውም ይጠቅማል። መሣሪያውም እንደ ሰርቨሩ ሊታለል ይችላላ! መልስ ካጣ የሞተውን መስመር ጥሎ አዲስ ይከፍታል።

ምን ያህል እንታገሥ?

የልብ ምቱ በየስንት ጊዜው ይሁን? እዚህ ላይ ምሕንድስና መደራደር ይሆናል። አንድ ዙር በትንሹ ሦስት ፓኬት ይፈልጋል፦ የመሣሪያው «አለሁ» 42 ባይት፣ የሰርቨሩ መልስ 42 ባይት፣ የመሣሪያው «ደርሶኛል» 40 ባይት። ተጨማሪ ነገሮችን ትተን 124 ባይት ነው። በየ60 ሰከንዱ ከሆነ በቀን 1,440 ዙር፣ 180 ኪሎባይት ያህል፣ በወር 5.4 ሜጋባይት ገደማ ነው። በየ5 ሰከንዱ ካደረግነው 12 እጥፍ፣ በወር ወደ 64 ሜጋባይት ይሆናል። ለአንድ መሣሪያ ብዙ ላይመስል ይችላል፤ በ32 አባዙትና የሞባይል ካርድ ዋጋ አስቡበት። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሬዲዮው ክፍል በየጊዜው መንቃቱ ባትሪውን ይበላል።

እኔ የመረጥኩት በየ60 ሰከንዱ ልኮ፣ ሦስት ተከታታይ ምት ሲጎድል፣ ማለትም ከ180 ሰከንድ ዝምታ በኋላ መዝጋት ነው። አንድ ምት ብቻ ሲጎድል አልዘጋም፤ የሞባይል ኔትወርክ አንዳንዴ ይንተባተባል። ፍሪጅ ደግሞ በሦስት ደቂቃ አይበላሽም። ገደቡን የወሰነው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ፍሪጁ ነው ማለት ይቻላል። የምትሠሩት ጌም ቢሆን ኖሮ ሦስት ደቂቃ ዘላለም ነው፤ በጥቂት ሰከንድ ትወስናላችሁ።

አንድ የተማርኩት ነገር ልጨምር። መብራት የሚጠፋው ለሰፈር ነው፣ የሚመጣውም ለሰፈር ነው። መብራት ሲመጣ መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ሰርቨሩን ያንኳኳሉ። 32 ሲሆኑ ምንም አይደል፤ 32,000 ቢሆኑ ግን ሰርቨሩን ይጥሉታል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ከመገናኘቱ በፊት በዕጣ የወጣለትን ያህል ሰከንድ እንዲጠብቅ፣ ካልተሳካለት ደግሞ የመጠበቂያውን ጊዜ እያሳደገ እንዲሞክር አደረግሁ።

ሁለተኛው ስህተቴ

የልብ ምቱን ጨምሬ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ ጉድ መጣ። ደህና የሆኑ መሣሪያዎች ቀይ ይሆኑ ጀመር። ለጤና ጣቢያዎቹ ሐሰተኛ የማስጠንቀቂያ መልእክት ሄደ። አንዲት ነርስ ሌሊት ተነስታ ፍሪጁ ድረስ ሄዳ «ምንም አልሆነም እኮ!» ብላኝ አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያ ቁጥር 17 ኔትወርኩ ይቋረጥበትና ከአንድ ደቂቃ በኋላ በአዲስ ግንኙነት ይመለሳል። ሰርቨሩ «17 አለ» ብሎ ይመዘግባል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደግሞ የአሮጌው ግንኙነት 180 ሰከንድ ይሞላል። የኔ ፕሮግራም አሮጌውን ይዘጋና «17 ሄደ» ብሎ ይሰርዘዋል። የሄደው አሮጌው ግንኙነት ነው፤ የተሰረዘው ግን ሕያው መሣሪያ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ቁጥር ሰጠሁት። ግንኙነት ሲዘጋ «አሁን መዝገቡ ላይ ያለው እኔ ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልሆነ ምንም ሳይነካ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ቁጥር 17 በአዲስ ግንኙነት ሲመጣ ሰርቨሩ አሮጌውን ገደቡ እስኪሞላ ሳይጠብቅ ወዲያው ይዘጋዋል። ይህን ለማድረግ ግን መሣሪያው በምስጢር ቁልፍ ማንነቱን ማረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ ማንም መጥቶ «17 እኔ ነኝ» እያለ እውነተኛውን ያስወጣዋል።

ሁሉም አሮጌ ግንኙነት አንድ ዓይነት አይደለም

ሰርቨር ላይ የግንኙነቶችን ዝርዝር ስታዩ ሌሎች ሁለት ስሞችም ያጋጥሟችኋል። «ክሎዝ ዌይት» ማለት ሌላው ወገን በወጉ ተሰናብቶ፣ የኛ ፕሮግራም ግን በሩን መዝጋት ረስቶ ማለት ነው። እነዚህ ከበዙ ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም፤ ፕሮግራማችሁ ውስጥ አንድ የተረሳ መዝጊያ አለ። ኪፕአላይቭም አያድናችሁም፣ ኮዱን ማስተካከል ነው። «ታይም ዌይት» ደግሞ ጤናማ ነው። ግንኙነቱ ከተዘጋ በኋላ ዘግይቶ የሚደርስ ፓኬት ካለ ከአዲሱ ግንኙነት ጋር እንዳይደባለቅ ሊኑክስ ለ60 ሰከንድ ስሙን ይዞ ይቆያል። እነሱን አይታችሁ አትደንግጡ።

ሞቷል ወይስ ዘግይቷል?

እዚህ ድረስ ካነበባችሁ አንድ ጥያቄ ሳይመጣባችሁ አልቀረም። 180 ሰከንድ ዝም ያለ መሣሪያ በእርግጥ ሞቷል? መልሱ፦ አናውቅም። ምናልባት በ181ኛው ሰከንድ መልእክቱ ሊደርስ ይችላል። ፓኬት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ጣሪያ በሌለው ኔትወርክ ላይ፣ የሞተን ከዘገየ በእርግጠኝነት የሚለይ ዘዴ የለም። ይህ የኔ ድክመት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ማይክል ፊሸር፣ ናንሲ ሊንች እና ማይክል ፓተርሰን እንዲህ ባለ ኔትወርክ ላይ አንድ ኮምፒውተር እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ሌሎቹ ሁልጊዜ ወደ አንድ ስምምነት እንዲደርሱ ዋስትና የሚሰጥ፣ ዕድል የማይጠቀም ዘዴ ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጡ። የችግሩ ሥር ይኼው ነው፦ የዘገየና የሞተ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ስለዚህ የጊዜ ገደብ እውነትን አይነግረንም፤ መቼ መጠበቅ ማቆም እንዳለብን የምንወስነው ውሳኔ ነው። ውሳኔው አንዳንዴ ይሳሳታል። ጥሩ ሥርዓት የሚባለው ሲሳሳት በቀላሉ የሚታረም ነው፤ በስህተት የተዘጋበት መሣሪያ ተመልሶ ይገናኛል፣ ያልተላከለት የሙቀት መረጃም ካለ ከማስታወሻው አውጥቶ ይልካል።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ አረንጓዴና ቀይ ነጥቦቹን አጠፋኋቸው። በእነሱ ፈንታ አሁን እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለ፦ «ቁጥር 17፤ 4.6 ዲግሪ፤ መጨረሻ የተሰማው ከ40 ሰከንድ በፊት»። ሰርቨሩ የማያውቀውን አይናገርም፤ የሰማውንና የሰማበትን ሰዓት ብቻ ይናገራል። ለሲስተር ሳሳያቸው ትንሽ አዩትና «እኛም እኮ በሽተኛ ካርድ ላይ ሰዓት የምንጽፈው ለዚህ ነው» አሉኝ። መጀመሪያ እሳቸውን ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ልፋት ይቀርልኝ ነበር።

እናንተም ሞክሩት

ሁለት ሊኑክስ ያላቸው ኮምፒውተሮች በአንድ ዋይፋይ ላይ ካሏችሁ፣ «ኔትካት» በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም አንዱን ሰሚ፣ አንዱን ደዋይ አድርጓቸው። ቃላት ተለዋወጡ። ከዚያ የደዋዩን ፕሮግራም በወጉ ዝጉት፤ ሰሚው ወዲያው ያውቃል። እንደገና አገናኟቸውና አሁን የደዋዩን ዋይፋይ አጥፍታችሁ ከዚያ ኮምፒውተሩን ዝጉት። ሰሚው ላይ «ኤስኤስ» በሚባለው ትዕዛዝ ዝርዝሩን ተመልከቱ። ግንኙነቱ አሁንም «ተመሥርቷል» ይላል። ቡና ጠጡና ተመለሱ፤ አሁንም እንደዚያው ይላል። ከዚያ ከሰሚው በኩል አንድ ቃል ጽፋችሁ ላኩና እስከ ስንት ደቂቃ ተስፋ እንደማይቆርጥ ሰዓት ያዙለት። ያገኛችሁትን ቁጥር ከላይ ከጠቀስኩት ጋር አወዳድሩት፤ ከተለየ ለምን እንደተለየ ማሰብ ደግሞ የእናንተ የቤት ሥራ ነው።